ዶክተር አክሊሉ፣ እንዶድና የአድዋ እናቶች

በእንዶድ የታጠበ ነጠላ ጠረን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዛሬ ስንት ይሆን? እኔ አውቀዋለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለበሰውን ሸማ ለሳሙና አታምነውም ነበር። የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ስትወቅጥ እኛን ልጆቿን ከአጠገቧ ታባርረናለች። ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል። የተወቀጠው በውኃ ይዘፈዘፍና ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። ሸማው ታጥቦና ተሰጥቶ ሲደርቅ የሚያበራው ንጣት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሥራው ካለቀ በኋላ የተረፈው አረፋ የት እንደሚደፋ፣ የተደፋበት ቦታስ ምን እንደሚሆን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ልብ ስላሉ አንድ ሰው ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ማን እንደሆኑ ጨርሶ ያልሰማ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱን በስማቸው ሰይሟል። ሆኖም አብዛኞቻችን ስለ እርሳቸው የምናውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም የተሳሳተ። የእንዶድን የቢልሃርዚያ መድኃኒትነት ያገኙ ሳይንቲስት እንላቸዋለን። እንዶድ ግን ቢልሃርዚያ የያዘውን ሰው አያድንም። የሚገድለው በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ነው። ይህን የምለው ለቃላት ጥንቃቄ ብዬ አይደለም (የሕግ ሰው ስለሆንኩ እንደዚያ ሊመስላችሁ ይችላል)። የሰውየው የሠላሳ ዓመት ድካምና መከራ የተቀመጠው እዚህች ልዩነት ውስጥ ስለሆነ ነው። መድኃኒት ለታማሚ ይሸጣል። ለወንዝ ግን ምን ይሸጣል?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ተምሮ በዶክትሬት የሚመለስ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አባቶቻችን ሲያወሩ እንደሰማነው፣ እንዲህ ያለው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ቢሮውም፣ መኪናውም፣ ወንበሩም ይጠብቁታል። ወጣቱ ዶክተር ግን ወደ አድዋ ወረዱ። የወረዱበት ጉዳይ ቢልሃርዚያ በአካባቢው ምን ያህል እንደተሠራጨ ለማጥናት ነበር።

በሽታውን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ነው። እንቁላሎቹ ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር፣ በሌላው ዓይነት ደግሞ ከሽንት ጋር፣ ወደ ውኃ ይገባሉ። እዚያ ይፈለፈሉና በውኃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ገብተው በብዛት ይራባሉ። ከቀንድ አውጣው ሲወጡ ውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ውስጥ ከገቡ በኋላ ዓመታት ይኖራሉ፤ አንጀትና ጉበት ይጎዳሉ፣ ሕፃናትን ከዕድገታቸውና ከትምህርታቸው ያስቀራሉ። በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደያዘ ሲነገርለት የኖረ በሽታ ነው። ወንዝ ውስጥ እግራቸውን ነክረው የሚውሉት እነማን ናቸው? ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና የሚዋኙ ልጆች። በ1960ዎቹ ለታማሚው ይሰጡ የነበሩት መድኃኒቶች ራሳቸው መርዝነት የነበራቸው፣ ለመስጠትም የሚያስቸግሩ ነበሩ። ስለዚህ ሰንሰለቱን ለመቁረጥ ያለው አንዱ ዋና መንገድ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነበር።

እንግዲህ ዶክተሩ ወንዙን ተከትለው ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ሥፍራ ሁሉ በዝተው ይታያሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ከሴቶቹ አንዷን ጠየቋት፤ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ከተሰበሰቡበት ዕቃ ውስጥ ከእንዶድ አረፋዋ ጨመረችበት። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ሴትዮዋ ያው አንዲት ሴት ናት። እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆም እፈልጋለሁ። የባልቲሞር ትምህርት ያለው ሰው በወንዝ ዳር ያለችን አጣቢ እናት ለሥራው እንደ ዕንቅፋት ሊያያት ይችል ነበር። ውኃውን አታደፍርሺብኝ ብሎ ሊያስነሣትም ይችል ነበር። በእኛ አገር ባለሥልጣን ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ዶክተር አክሊሉ ግን የጥናታቸው ርዕሰ ጉዳይ ይሆኑ ከነበሩት ሰዎች የአንዷን አረፋ ተውሰው የሕይወት ዘመን ሥራቸውን ጀመሩ። እርሳቸውም ይህን አልደበቁም። ወንዙንና ሴቶቹን ሳይጠቅሱ ስለ እንዶድ የተናገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የመጀመሪያውን አጭር ሪፖርት ያሳተሙት እዚሁ አገር በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። ይህች አጭር ሪፖርት በኋላ በሕግ ዓይን ትልቅ ቦታ ስለምታገኝ ያዙልኝ። በ1966 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ እርሳቸው ሆኑ። በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት የራሱ መጽሔት ላይ የላቦራቶሪና የመስክ ውጤታቸው ወጣ። ለአንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ተመራማሪ ይህ በቂ ነበር። የማዕረግ ዕድገት የሚያስገኝ ጽሑፍ ታትሟል፣ ኢንስቲትዩት ተመሥርቷል፣ ስም ተተክሏል። ስንቱ ሰው ነው ከዚህ በኋላ ወደዚያው ወንዝ የሚመለስ?

ዶክተር አክሊሉ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው 17,000 ያህል ነዋሪ በነበረባት በአድዋ ለአምስት ዓመታት የእንዶድን አቅም ፈተኑ። እዚያው አካባቢ የሚበቅለው ፍሬ ይፈጫል፣ በወንዙ ውስጥ ይጨመራል፣ ሕዝቡም በየጊዜው ይመረመራል። ውጤቱ ሲታይ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወርዷል። ለትምህርት ባልደረሱ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ቁጥሩን በጥሞና ያየ ሰው ዋናው ነገር የሕፃናቱ መሆኑን ይረዳል። በአዋቂው ሰውነት ውስጥ ትሉ ዓመታት ስለሚኖር ወንዙ ቢጸዳም ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ጥናቱ ከተጀመረ በኋላ ተወልዶ እግሩን ወንዝ የነከረ ሕፃን ግን የወንዙ እውነተኛ ምስክር ነው። ወጪውም ለአንድ ሰው በዓመት አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ሆኖ ተሰላ።

እዚህ ላይ ሌላ ስም መነሣት አለበት። አቶ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ። ስለ ዶክተር አክሊሉ ሲወራ የእርሳቸው ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ተገቢ አይደለም። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአንዱ ፍሬ ብርቱ ነው፣ የሌላው ደካማ፣ አንዱን ተባይ ይበላዋል፣ ሌላው ይቋቋማል። አቶ ለገሠ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን እየተከሉና እያነጻጸሩ ብርቱዎቹን መረጡ። ዓይነት 44 የሚባለው ዝነኛ እንዶድ የዚህ ልፋት ፍሬ ነው። ይህ ዓመታት የሚፈጅ፣ ፎቶግራፍ የማይነሣለት የአትክልተኛ ሥራ ነው። የሁለቱ ሐሳብ ገበሬው በማሳው ዳር ብርቱውን እንዶድ ተክሎ የገዛ ወንዙን ራሱ እንዲያጸዳ ነበር። ለፍሬው የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገው፣ የባዕድ ባለሙያ አያስፈልገው።

ችግሩ የመጣውም ከዚሁ ነው። ቀንድ አውጣ ለመግደል የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚያመርተውን ኬሚካል ነበር። ዋጋው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። እንዶድ ደግሞ ተፎካካሪ ሆኖ እንዲቀርብ ሰውን፣ ከብትንና አካባቢን እንደማይጎዳ በታወቀ ደረጃ በተመረመረ ላቦራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። እኔም ብሆን ወንዝ ላይ የሚደፋ ነገር ሁሉ እንዲመረመር እፈልጋለሁ፤ እንዶድ ዓሣን እንደሚገድል ደግሞ ከጥንት የታወቀ ነው። ነገር ግን የምርመራውን ወጪ ማን ይክፈል? ኬሚካል ሲሆን ኩባንያው ይከፍላል፤ በሽያጭ ይመልሰዋላ! ማንም ሰው በጓሮው ሊተክለው ለሚችል ቁጥቋጦ ግን ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ የለም። የአፍሪካ ላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ አልታመነም። በሰሜን አሜሪካ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች የእንዶድን ንጥረ ነገር ለይተው በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ብለው ሰይመውታል። ስማቸው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ፣ ግኝታቸው ግን ከወንዝ ውጭ ቀረ።

ከአብዮቱ በኋላ አድዋ የጦርነት ቀጣና ሆነች። ዶክተሩም ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገቡ። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ልማት በተቋቋመው ማዕከል ሠሩ፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። ከፊንላንዳዊው ፔንቲ ማላስካ ጋር ሆነው ለክለብ ኦፍ ሮም የቀረበ ስለ አፍሪካ የወደፊት ዕጣ የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጁ። ይህን ሁሉ ፈጥኜ ያለፍኩት ሥራው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። የዲፕሎማት ኑሮ ከእንዶድ ያላላቀቃቸው መሆኑ ስለሚበልጥብኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሉሳካ ላይ፣ በ1986 ደግሞ ስዋዚላንድ ላይ ሳይንቲስቶችን ለእንዶድ ብቻ ሰብስበዋል። ካናዳ ያለው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል የደኅንነት ምርመራውን ወጪ እስኪሸፍን ድረስ ደጅ ጠንተዋል። ምርመራው ተደርጎ እንዶድ በአጥቢ እንስሳት ላይ ያለው መርዝነት ዝቅተኛ መሆኑ፣ ዓይንን ግን የሚቆጣ መሆኑ በታወቀ ወረቀት ላይ ሰፈረ። እናቴ ይህንን ያለ ላቦራቶሪ ታውቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና አቶ ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተሸለሙ። ከአድዋው ወንዝ እስከ ስቶክሆልም ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል። የሽልማቱ መድረክ ላይም ዶክተሩ ያነሡት የራሳቸውን ስኬት ሳይሆን በሦስተኛው ዓለም የሚሠራ ሳይንስ ለምን እንደማይታመን ነበር።

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ስለ እንዶድ ሲያወሩ ታሪኩን የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ አሜሪካኖች እንዶዳችንን ሰረቁን ከሚለው። የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኦሃዮ ያለው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ቶሊዶ የኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ከተማ ናት። በዚያ ሰሞን ዜብራ መስል የምትባል፣ ዛጎል ያላት ትንሽ የውኃ ፍጡር ከአውሮፓ በመርከብ ገብታ ሐይቆቹን ወርራ የከተማና የፋብሪካ የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነች ነበር። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር የእርሷንም ዘመድ ይገድል ይሆን ተብሎ እንዶድ ተሞከረባት። ገደላት። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ በእንዶድ ውሕድ ዜብራ መስልን ለመቆጣጠር የሚያስችል ዘዴ ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ፓተንት ሰጠ። ያኔ ስለ ዕፀዋት ሀብት መብት የሚከራከሩ ድርጅቶች ጩኸት አሰሙ፤ እንዶድም ከኒም ዛፍ ጋር የባዮፓይረሲ ምሳሌ ሆነ።

እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው ሳወራ ኖሬ አንድ ቀን የፓተንቱን ሰነድ ራሱን አነበብኩት። ካነበብኩ በኋላ ንግግሬን ማረም ነበረብኝ። ከፈልሳፊዎቹ ስም መካከል አክሊሉ ለማ የሚል አለ። ተሰርቀዋል የምንላቸው ሰው ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ናቸው። የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። ታዲያ ይህ ስርቆት ነው ወይስ ትብብር?

የሕጉን ነገር ጠጋ ብለን ስናየው ነው ጉዱ የሚወጣው። በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ፓተንት ሕግ አንድ ነገር አዲስ አይደለም ለማለት ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይቀበል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ሰው ያወቀውና የተጠቀመበት መሆኑ ይበቃል። ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ግን በፓተንት የተያዘ ወይም በጽሑፍ ታትሞ የወጣ መሆን አለበት። ሌላ አገር ያለ ሕዝብ ለዘመናት ሲያውቀውና ሲሠራበት የኖረው ነገር ካልታተመ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ ነው። እንግዲህ የአድዋ ሴቶች ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ዕውቀት በዚያ ሕግ ፊት ዋጋ የሚኖረው የ1965ቷ አጭር ሪፖርት ከታተመች ጀምሮ ብቻ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። ዶክተሩ የሴቶቹን ዕውቀት በማሳተማቸው፣ ሌላ ሰው ተነሥቶ በእንዶድ ቀንድ አውጣ መግደልን እኔ ፈለሰፍኩት እንዳይል አጥር አጥረውለታል። አጥሩ ግን ዜብራ መስል ድረስ አልደረሰም። ለአዲስ ጥቅም አዲስ ፓተንት ይሰጣል።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። የሴቶቹ ዕውቀት እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ነበር። ስለ ዜብራ መስል ማንም አድዋ ላይ አያውቅም፤ ሐይቋም፣ ፍጡሯም እዚያ የሉም። የፍርድ ቤት ጠበቃ ብሆን የቶሊዶን ጉዳይ ይዤ ልረታበት እችል ነበር። ሆኖም የሰውየውን ሥራ ከመነሻው ካየነው፣ አድዋ ላይ የተደፋው አረፋ ባይኖር ኖሮ የቶሊዶው ሰነድ አይጻፍም። ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ባለውለታ የሚሆን ሳጥን የለውም። ፈልሳፊ የሚል ሳጥን አለው፣ ባለመብት የሚል ሳጥን አለው፤ አረፋዋን ያዋሰች የሚል ሳጥን የለውም።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ የገባን ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው የፈጠራ አዋጃችን ቁጥር 123/1987 የወጣው የቶሊዶው ፓተንት ከተሰጠ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በጎ ጎኑ፣ በቃል የተነገረና በተግባር የዋለ ዕውቀትንም በየትኛውም የዓለም ክፍል ቢሆን እንደ ነባር ዕውቀት ይቆጥራል። የማኅበረሰብን ዕውቀት በስሙ ጠርቶ መብት የሰጠው ግን በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። አስቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ መጠየቅን ያዛል፤ ከጄኔቲክ ሀብቱ ከሚገኘው የመንግሥት የገንዘብ ድርሻ ግማሹ ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሰጥ ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። መልካም ሕግ እያለን በጤፍ ጉዳይ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር የገባነው ጣጣ ምን እንዳስከተለ ግን ሌላ ጊዜ ላውራችሁ፤ ብዙ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ይህን አዋጅ ሳያዩ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዕድሜያቸው አረፉ። እንዶድም በዓለም ወንዞች ላይ እንዳሰቡት አልፈሰሰም። ምክንያቱ የድርጅቶች ንቀት ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ የሚዋጥ መድኃኒት መጣ፤ ዋጋው ወረደ፣ በልገሳም ለትምህርት ቤት ልጆች መታደል ጀመረ። ቀንድ አውጣን መግደል የሚለው ሐሳብ ከፋሽን ወጣ። መድኃኒቱ ግን የታመመውን ያድናል እንጂ ነገ ወንዝ ሲገባ ዳግም እንዳይያዝ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒት ዕደላው ጎን ለጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠርም እንደሚያስፈልግ ጽፏል። የሚመክረው ኬሚካል ግን ያው የድሮው ነው። እንዶድን በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ደግሞ ዛሬ ገጠርም ቀንሷል፤ ኦሞ ገብቷል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ናት። በአንድ የትምህርት ተቋም ውስጥ ታስተምራለች፤ ተቋሙን መጥቀስ አያስፈልግም። በአንድ ገጠር ከአንድ አዛውንት የባህል ሐኪም ጋር ስለ አንድ ተክል ታጠናለች። የስምምነት ሰነዱን እንዳይላት ፈልጋ መጣች። ሰነዱን ሳነበው አዛውንቱ መረጃ ሰጪ ተብለዋል፤ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ ስም የላቸውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ጋሼ፣ ቅጹ የመጣው እንደዚህ ሆኖ ነው አለችኝ። ሁለተኛው ቅሬታዋ የራሷ ነበር። በአዛውንቱ ቤት ደጃፍ የተቀመጠችባቸው ወራት በማዕረግ ዕድገት መመዘኛው ላይ አንዲት ነጥብ አያስገኙላትም። የሚቆጠረው የታተመው ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ ባልደረባዋ ከቢሮው ሳይወጣ ሦስት ጽሑፍ አሳትሟል። ወደ ገጠር የምትሄድበትን አበልም ስታስፈርም ለምን በስልክ አትጠይቂያቸውም የሚል ጥያቄ ገጥሟታል።

የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ነገርኳት። የምታውቀው እንደ ሁላችንም ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከአድዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሱበትን ዓመትና የአምስት ዓመቱ ጥናት ያለቀበትን ዓመት ስታሰላ አሥር ዓመት ሆነባት። ዝም አለች። አሁን ባለው መመዘኛ ሰውየው በእነዚያ አምስት ዓመታት ስንት ነጥብ ያገኙ ነበር ብዬ ልቀልድ ፈልጌ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ሰነዱን አብረን አስተካከልነው። የአዛውንቱን ስም፣ የቀበሌያቸውን ስም፣ ከተክሉ ጥቅም ከተገኘ ድርሻው ለማን እንደሚሄድ አስገባን። ወስዳ በሚገባቸው ቋንቋ አንብባ አስረዳቻቸው። ከሳምንታት በኋላ ደውላ እንደነገረችኝ፣ ሽማግሌው ስለ ስማቸውም ስለ ድርሻውም አንድም ነገር አላነሡም። ስሜ ካለ ይኑር፣ ከሌለም ግድ የለኝም ዓይነት ነው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥናቱ ሲያልቅ ምን እንደተገኘ መጥቶ የሚነግራቸው ማን እንደሆነ። ሰነዱ ውስጥ ይህ አልነበረም። እኔም አላሰብኩትም። ሌላ አንቀጽ ጨመርን፤ ተመራማሪዋ ውጤቱን በአካል ተገኝታ ለአዛውንቱና ለአካባቢው ሰው ታስረዳለች የሚል። ቀኑን የት እንጻፍ ስንል ጥናቱ መቼ እንደሚያልቅ እርሷም አላወቀችም። ቦታውን ክፍት ትተን ፈረሙ።